ቶክኑ የማን ልጅ ነው

ሰዓዳ ይማም ከሥራ መግቢያ ሰዓት ሁልጊዜ አሥር ደቂቃ ቀድማ ነው የምትደርሰው። ትጋት ሆኖባት አይደለም፤ አርፍዶ ከመነዝነዝ ቀድሞ መድከም ስለሚቀላት ነው። በሐምሌ የደሴ ጭጋግ ከጦሳ ተራራ ወርዶ በየመስኮቱ ላይ ይለጠፋል፤ እሷም ጃንጥላዋን አጥፋ፣ የጫማዋን ጭቃ በደጃፉ ብረት ላይ ጠርጋ፣ ልደትና ሞት ከሚመዘገብባቸው መስኮቶች ጀርባ አልፋ፣ አሥራ አንድ ደረጃ ወርዳ ሰርቨሩ ያለበትን ምድር ቤት ትከፍታለች። ክፍሉ ድሮ የመዝገብ መጋዘን ነበር። አሁንም የእርጥብ ወረቀት፣ የአይጥና በሙቀት የተጠበሰ አቧራ ሽታ አለው። ማራገቢያው ቀኑን ሙሉ አንድ ዓይነት ድምፅ ያሰማል፤ አሥራ አራት ዓመት አብራው ስለኖረች ድምፁን የምታስተውለው ሲቆም ብቻ ነው።

ሥራዋ ማን እንደገባና ማን እንደወጣ መጠበቅ ነው። አንድ ሠራተኛ ስሙንና የይለፍ ቃሉን ጽፎ ኮምፒውተሩ ላይ ሲገባ ማሽኑ ቶክን ይሰጠዋል። ቶክን ማለት ጥበቃው በር ላይ መታወቂያ ይዞ እንደሚሰጠው ቢጫ ባጅ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ያሉት በሮች ሁሉ የሚያዩት ሰውየውን ሳይሆን ባጁን ነው። ማሽኑ ግን ከጥበቃው ይልቅ ጠንቃቃ ነው፤ ቶክኑ ከየትኛው መግቢያ እንደተወለደ ከባጁ ጀርባ ይጽፋል። ሰው በራሱ ጣት ከገባ መነሻው ማሽኑ ራሱ ነው። ቀድሞ የገባ ሌላ ሰው በስሙ ካስገባው ግን የአስገቢው መግቢያ ይሰፍራል። ይህንን የጀርባውን ጽሑፍ አገላብጦ የሚያይ የለም። ሰዓዳ ከዓመታት በፊት ትንሽ ሰንጠረዥ ሠራችለትና ለዓምዶቹ ከላይ ከመስኮቶቹ የለመደቻቸውን ቃላት ሰጠቻቸው፤ ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም። ያልለመደችው መግቢያ ሲያጋጥማት «የማን ልጅ ነህ አንተ?» ብላ ስክሪኑን መጠየቅ ልማዷ ሆነ፤ ለብቻው የሚሠራ ሰው ከዕቃ ጋር ማውራቱ አይቀርም።

ሐምሌ አሥራ አራት ቀን ግን ማውራትም አላሰኛትም። በሦስት ሳምንት ውስጥ አራት ሰዎች ሳይሞቱ በሞት መዝገብ ላይ ሰፍረው ነበር። አራቱም በተመዘገቡ ማግስት፣ ልክ በቅጹ ላይ በተጻፈው ቀን ሞቱ። በመጀመሪያዋ ጊዜ ሁሉም የቀን ስህተት ነው ብሎ አለፈው፤ ቀን መሳሳት በዚያ ቢሮ ብርቅ አይደለም። በሁለተኛው ሳቁ፤ ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው። በሦስተኛዋ ማንም አልሳቀም። አራተኛው አራጋው ይመር የሚባል አናጺ ነበር፤ ስሙን ጎረቤቱ መዝገቡ ላይ አይቶ ነግሮት በሁለት እግሩ መስኮቱ ድረስ መጥቶ «አለሁ» ብሎ አመልክቷል። በማግስቱ ጣራ ሲከድን ወደቀ።

አራቱም ቅጾች የገቡት በአቶ እሸቴ ሙሔ ስም ነው። አቶ እሸቴ ሠላሳ አንድ ዓመት የሞት መስኮት ላይ የተቀመጡ፣ በመስከረም ጡረታ የሚወጡ ሰው ናቸው። ከትናንት ጀምሮ አካውንታቸው ተዘግቷል።

«በስሙ ነው የገባው፤ ሌላ ምን ማስረጃ ትፈልጊያለሽ?» አለቻት የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ ወይዘሮ ትርንጎ፣ ጠዋት ቢሮዋ ጠርታ። ድምፅዋ ውስጥ ቁጣ አልነበረም፤ እሷም ሦስት ቀን አልተኛችም። «አሥር ሰዓት ላይ ፖሊሶች ይመጣሉ። የአራጋው ወንድሞች ከግቢው በር አልተነሡም። ሳይሞት መዝግቦ ገደለው ነው የሚሉት። ምን ብዬ ልመልሳቸው?»

«ስሙን አይደለም የማየው፤ መነሻውን ነው» አለች ሰዓዳ። «በሰው ባጅ ሰው ሊገባ ይችላል። ማን እንዳስገባው ግን ከጀርባው ተጽፏል። እስከ አሥር ሰዓት ይታገሡኝ።»

«ካመጣሽ እሰየው። ካላመጣሽ አሳልፌ ከመስጠት ሌላ መንገድ የለኝም።»

ስትመለስ አቶ እሸቴ ምድር ቤቱ ውስጥ፣ ከበሩ አጠገብ ባለው የተሰበረ ወንበር ላይ ተቀምጠው አገኘቻቸው። ካፖርታቸው ረጥቦ የበግ ሱፍ ሽታ ሰጥቷል። አዲስ ተቀጣሪ ሳለች የቢሮ ደብዳቤ እንዴት እንደሚጻፍ፣ ለቀስተኛ እንዴት እንደሚናገሩት ያስተማሯት እሳቸው ናቸው። የራሷ አባት ሲሞቱ ቅጹን የሞሉላትም እሳቸው ነበሩ፤ አንድም ጥያቄ ሳይጠይቋት፣ ሁሉንም ከጭንቅላታቸው። ሰዓዳ ትወዳቸዋለች፤ በዚያ ጠዋት ደግሞ ስለሳቸው ፈርታለች።

«የይለፍ ቃልዎን ለሰው ሰጥተው ያውቃሉ፣ ጋሽ እሸቴ?»

«ላንቺ ብቻ። መነጽሬ የጠፋ ቀን።» የካፖርታቸውን ጫፍ ጨምቀው ውሃውን አፈሰሱ። «አራጋው እኮ እፊቴ ቆሞ ይኸው እኔ፣ አለሁ ብሎኛል። እኔም አብሽር፣ እናስተካክለዋለን አልኩት። ወላሂ ለማስተካከል ቅጹን ከፍቼ ነበር፤ አልከፈት አለኝ።»

«እርስዎ እንዳልሆኑ አውቃለሁ።»

«ማወቅሽ ብቻውን ምን ይሠራል፣ ልጄ? ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባላል። ሥሩን ፈልጊው።» ተነሥተው ደረጃውን አንድ በአንድ መውጣት ጀመሩ። ጫማቸው የተወው ውሃ ሲሚንቶው ላይ ቀረ።

ከቀኑ ስድስት ሰዓት በኋላ መብራት ጠፋ። መስኮት የሌለው ክፍል ቀን ሆነ ሌሊት ምን ለየው፤ ከስክሪኑ ሰማያዊ ብርሃንና ከባትሪዎቹ ቀይ ነጥቦች በቀር ሁሉም ጨለመ። ላይ ጄኔሬተሩ ሁለት ጊዜ አስሎ ተነሣ፤ ማራገቢያው ግን በቀድሞ ድምፁ አልተመለሰም፤ በየጥቂት ሴኮንዱ ትንፋሹን እንደሚሰበስብ ሰው ቆም እያለ ይዞር ነበር። ሰዓዳ ወገቧን አሸች። አንገቷ ተገትሯል፣ ዓይኗ ያቃጥላታል፣ ምሳ ሳትበላ መዋሏን ያስታወሰችው ሆዷ ሲጮህ ነው። የአራተኛውን ቅጽ ቶክን ከመዝገቡ አወጣችና ገለበጠችው።

ስም፤ እሸቴ ሙሔ። የአባት ስም ከሚለው ዓምድ ሥር የሳቸው የዘወትር መነሻ፣ ማሽኑ ራሱ፣ መኖር ነበረበት። አልነበረም። እዚያ የሰፈረው እቴነሽ ብዙነህ የምትባል ሴት መግቢያ ነው። ሰዓዳ የሠራተኞቹን ስም ዝርዝር ከላይ እስከ ታች አየች፤ እቴነሽ የሚባል ሠራተኛ የለም። በጽሕፈት ቤቱ ኖሮም አያውቅም። ቆይታ ነው ስሙን የት እንዳየችው የገባት። እቴነሽ ብዙነህ ሦስተኛዋ ሟች ናት፤ አራጋው ከመመዝገቡ ከአምስት ቀን በፊት የተቀበረችው።

የሆነ ሰው እየቀለደ ነው ብላ አሰበች፤ እንዲህ ያለ ቀልድ የሚቀልድ ሰው በሕይወቷ አላወቀችም። የሦስተኛውን ቅጽ ቶክን ገለበጠች። ስሙ አሁንም እሸቴ ሙሔ ነው፤ አባቱ ግን ሁለተኛው ሟች፣ ኡመር ሰይድ። የሁለተኛውን ገለበጠች፤ አባቱ የመጀመሪያዋ ሟች፣ ዘሐራ አሊ። እያንዳንዱ ሟች ከተቀበረ በኋላ ገብቶ፣ በአቶ እሸቴ ስም ቅጽ ከፍቶ፣ ቀጣዩን መዝግቧል። ክፍሉ ውስጥ ከወረቀቱና ከአቧራው ሽታ ሥር ሌላ ሽታ መነሣቱን ያኔ ልብ አለችው፤ አዲስ የተቆፈረ አፈር፣ ዝናብ የመታው።

በመጨረሻ የመጀመሪያውን ቅጽ ቶክን ገለበጠች። የአባት ስም ከሚለው ሥር ቁጥርም ስምም የለም፣ ማሽኑም አይደለም። ባዶ ቦታ ላይ የጽሕፈት ምልክቷ ብልጭ ድርግም ትላለች፤ የተዘጋ መዝገብ ውስጥ እንዲህ ያለ ምልክት አይኖርም። ምልክቷ የምትታየው የሚጽፍ ሰው ሲኖር ነው። ሰዓዳ ገጹን ዘጋችው፤ ሥሩን እስከ መጨረሻው መፈለግ የሷ ሥራ እንዳልሆነ ለራሷ ነገረች። የፈለገችው የጋሽ እሸቴን ነፃነት ብቻ ነው፤ እሱንም አግኝታዋለች።

ሪፖርቱን ለመጻፍ ስትዘጋጅ ነው አንድ ነገር ትዝ ያላት። ዘሐራ ኡመርን ከወለደች፣ ኡመር እቴነሽን፣ እቴነሽ አራጋውን፣ አራጋውስ? ስሙን ጻፈችና ፈለገች። አራጋው ይመር፤ መግቢያው ክፍት ነው፤ የተከፈተው ዛሬ ጠዋት። ከሥሩ አንድ ቶክን ተወልዷል፤ ስሙ እሸቴ ሙሔ፣ ከትናንት ጀምሮ በተዘጋ አካውንት። ቶክኑ አንድ የሞት ቅጽ ከፍቷል፣ ቅጹም ገና አልተላከም።

ከኋላዋ የኪቦርድ ድምፅ ሰማች። ቀስ ያለ፣ አንድ ጣት ብቻ እንደሚጠቀም ሰው፤ ጠቅ፣ ዝምታ፣ ጠቅ። ክፍሉ ውስጥ ከሷ ሌላ ያለው ኪቦርድ ሰርቨሩ ሥር ባለው መደርደሪያ ላይ ነው፤ አቧራ እንዳይነካው በላስቲክ ተሸፍኖ፣ ከዓመት በላይ ማንም ያልነካው። ዘወር አለች። በቀዮቹ ነጥቦች ብርሃን ላስቲኩ እንደተሸፈነ ነው፤ ምንም አይንቀሳቀስም። ከውስጥ በኩል ግን ጉም ለብሷል፤ ሰው አፉን አስጠግቶ የተነፈሰበት መስተዋት ይመስላል።

ወደ ስክሪኑ ስትመለስ ቅጹ ላይ፣ የሟች ስም በሚለው ሣጥን ውስጥ አንድ ፊደል ነበር። እ። ከኋላዋ ጠቅ አለ። ሸ። የምታየው የገባውን ሰው ስም ነው ብላ ራሷን ልታታልል ሞከረች፤ ሣጥኑ ግን የሟች ነው። ቴ። የሞት ቀኑ ቀድሞ ተሞልቷል፤ ሐምሌ አሥራ አምስት። ነገ ማለት ነው።

የአራጋውን መግቢያ ለመዝጋት አዘዘች፤ ማሽኑ እንዲህ ያለ መግቢያ የለም አላት። እንደገና አዘዘች፤ የለም። የሌለው መግቢያ ግን ወደ አባት ስም አልፎ «ሙ» ብሎ ጻፈ። ሰዓዳ በአስተዳዳሪ ሥልጣኗ ቅጹን ራሱን ወደ ራሷ መግቢያ ሳበችው። ቅጹ መጣላት። ሰርዝ የሚለውን ተጫነች፤ የተጀመረ የሞት ቅጽ መሰረዝ አይቻልም የሚል መልስ ወጣ። ይህንን ሕግ ከስምንት ዓመት በፊት ያስገባችው ራሷ ናት፤ ጸሐፊዎቹ ስህተታቸውን ለመደበቅ ቅጽ እያጠፉ አስቸግረው ነበርና። የተጀመረ ቅጽ ይታረማል፣ ይሞላል፣ ይላካል። ቀኑ አንዴ ከተጻፈ አይነካም። ከኋላዋ ጠቅታው ፈጠነ።

የሟቹን ስም አጠፋችው። ሣጥኑ ባዶ ሲሆን ባዶ አልቀበልም አለ። ስም መስጠት ነበረባት፤ የማንንም ያልሆነ ስም። ሰው በጨነቀው ሰዓት የሚያውቀው ስም ሁሉ የሚያውቀው ሰው ይሆንበታል፤ ወደ አእምሮዋ የመጣው እያንዳንዱ ስም ፊት ነበረው፤ የአክስቷ ልጅ፣ የዳቦ ቤቱ ሰውዬ፣ የትምህርት ቤት ጓደኛዋ። ስለዚህ ስም መፈለጓን ተወችና በልቧ ያለውን ጻፈች። መጀመሪያ «ይበቃል» አለች፤ በእርግጥም በቅቷታል። የአባት ስም ላይ «እንዳለ»፤ ሁሉም እንዳለ ይቅር ማለቷ ነበር። የአያት ስም ላይ «ማን ያውቃል» ጻፈች፤ ማሽኑ ክፍት ቦታ አልቀበልም ሲላት ገጥማ «ማንያውቃል» አደረገችው። ከመላኳ በፊት ሦስቱን አንድ ላይ በመዝገቡ ሁሉ ፈለገቻቸው። ይበቃል እንዳለ ማንያውቃል የሚባል ሰው አንድም አልተመዘገበም። የሌለ ሰው አይሞትም አለች ጮክ ብላ፣ ላከችውም።

ጠቅታው ቆመ። ማራገቢያው ወደ ድሮ ድምፁ ተመለሰ። የአፈሩም ሽታ ቀስ እያለ ጠፋ፤ የቀረው የአይጥና የወረቀት ብቻ ነው፤ በሕይወቷ እንደዚያ ቀን የአይጥ ሽታ ደስ ብሏት አያውቅም። በሰንጠረዡ ላይ አምስተኛው ቅጽ ከአራቱ ሥር ተሰልፏል። የአባት ስም ከሚለው ዓምድ ሥር የሰፈረው አራጋው አይደለም፤ ሰዓዳ ይማም ነው። አየችው፤ ስለደከማት ምንም አላሰበችበትም።

ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ ሪፖርቱን ይዛ ወጣች። ወይዘሮ ትርንጎ ሁለት ጊዜ አነበበችው።

«በተዘጋ አካውንት ገባ ነው የምትይው?»

«በተዘጋ አካውንት። የአራቱም መነሻ ደግሞ የሳቸው መግቢያ አይደለም። ፈርሜበታለሁ።»

«የማን ነው ታዲያ?»

«የሠራተኛ አይደለም» አለች ሰዓዳ። ወይዘሮ ትርንጎም ከዚያ በላይ መስማት የፈለገች አትመስልም፤ ስልኩን አንሥታ ለፖሊስ ጣቢያው ደወለች፣ ወረቀቱን ቃል በቃል አነበበችላቸው። ምርመራው ወደ ባለሙያ እንዲተላለፍ ተስማሙ። የአራጋው ወንድሞችም ለጊዜው ከበሩ ተነሡ። አቶ እሸቴ በኮሪደሩ ላይ የሰዓዳን እጅ በሁለት እጃቸው ይዘው ትከሻዋ ላይ ግንባራቸውን አስደገፉ፤ ካፖርታቸው ደርቆ ነበር። ሰዓዳ አለቀሰች፤ ለምን እንደሆነ ግን በደንብ አታውቅም፤ ከደስታው ድካሙ ይበልጥ ነበር።

አሥራ አንድ ሰዓት ሊሆን ሲል ጭጋጉ እንደገና ወርዶ ግቢውን ሸፈነ። የልደት መስኮት ጸሐፊዋ ቀድማ ወጥታለች። ከመዝጊያው በፊት አንድ ባልና ሚስት ዝናቡን ሸሽተው ገቡ፤ ሴትየዋ በፎጣ የተጠቀለለ ሕፃን ታቅፋለች። ከገጠር የመጡ ናቸው፤ ነገ ተመለሱ ማለት አይቻልም። አቶ እሸቴ ወዲያውኑ መስኮቱ ላይ ተቀመጡ። አካውንታቸው ገና ስላልተከፈተ ሰዓዳ ጎናቸው ወንበር ስባ እሳቸው ሊያነቡ፣ እሷ ልትጽፍ ተስማሙ። ሕፃን መመዝገብ ከሰማችው ነገር ሁሉ በኋላ የሚያሳርፍ ሥራ መሰላት።

«ከወላጆቹ እንጀምር» አሉ አቶ እሸቴ፣ እንደ ልማዳቸው ከላይ ወደ ታች ሲሄዱ። የባልየውን መታወቂያ ወደ መነጽራቸው አስጠጉት። «የአባት ስም፣ እንዳለ።»

ሰዓዳ ጻፈችው። እንዳለ የሚባል ሰው በየመንደሩ አለ።

«የአያት ስም…» ካርዱን ወደ ብርሃኑ ዘንበል አደረጉት። «ማንያውቃል። እንዴት ያለ ስም ነው ጃል?»

«ሰው ሁሉ ይስቃል» አለ ባልየው አፍሮ። «አባቴ ሲወለድ ያድጋል ያለ ስላልነበረ ነው።»

የሰዓዳ ጣቶች ኪቦርዱ ላይ ቀሩ። ሴት ልጅ ትሁን ብላ ለመነች። አገሩ ስም አልቸገረውም፤ ሺህ ስም አለ፣ ሌላ ማንኛውም ይሁን ብላ ለመነች። ጠይቁ ልትላቸውም፣ አትጠይቁ ልትላቸውም አልቻለችም፤ አቶ እሸቴ ግን ሠላሳ አንድ ዓመት በለመደ ደግ ድምፃቸው ወደ እናቲቱ ዘንበል ብለው «የልጁስ ስም ማን ተባለ፣ እናቴ?» አሉ።

«ከሱ በፊት ሦስት ቀብሬያለሁ፣ አባባ» አለች ሴትየዋ ፈገግ ብላ፣ የሕፃኑን ፊት ከፎጣው እየገለጠች፤ «እና ሞት እንዲሰማን ብለን እሱን ይበቃል አልነው።»